ባሌስትራ ቢጨመር ለማን ይጠቅማል?

ከእንጅባራ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደው አውራ ጎዳና ብዙም ሳይርቅ በዘንገና ሐይቅ አጠገብ ያልፋል። መንገደኛ በዚያ ሲደርስ ልቡ የሚሄደው በዛፍ ወደ ተከበበው ሐይቅ ነው፤ ይህም የሚያስወቅሰው አይደለም። ነገር ግን አንድ ሰው ለአንድ ሰዓት ያህል ጀርባውን ለሐይቁ፣ ፊቱን ለመንገዱ ሰጥቶ ቢቀመጥ ሌላ ትምህርት ያገኛል። የሚያልፉትን ሚኒባሶች ልብ ብሎ ቢመለከት በሁለት ወገን ተከፍለው ያያቸዋል። የአንደኛው ወገን ሚኒባስ ሰው ጢም ብሎ ሞልቶበት፣ በላዩም የድንች ጆንያና የከሰል ማዳበሪያ ተቆልሎበት፣ ኋላው ወደ መሬት ወርዶ አፍንጫው ወደ ሰማይ አቅንቶ ያዘግማል። የሁለተኛው ወገን ሚኒባስ ደግሞ ያንኑ ያህል ሰውና ጆንያ ተሸክሞ ሳለ፣ ምንም እንዳልጫነ ሁሉ ኋላው ቀጥ ብሎ ሽው ይላል። ተመልካቹ የመጀመሪያውን «ምስኪን፣ ደከመው» ብሎ ያዝንለታል፤ ሁለተኛውን ግን «ጎበዝ! ባሌስትራ ተጨምሮለታል» ብሎ ያደንቀዋል። ለመሆኑ ይህ ፍርድ ትክክል ነውን?

ነገሩ የሾፌሮችና የጋራዥ ሰዎች ጉዳይ ነው ብላችሁ ገጹን ለመግለጥ አትቸኩሉ፣ አንባቢዎቼ። ከመንግሥት ሠራተኛው መካከል ከሁለት ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ፣ የዕቁቡንም ጨምሮ፣ አንድ ያገለገለ ሚኒባስ ለመግዛት የሚያልም ጥቂት አይደለም። ተማሪውም ቢሆን ለበዓል ወደ ቤተሰቡ ሲሄድ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው የኋላው ወንበር ነውና ጉዳዩ በአጥንቱ ይመለከተዋል። በዚህም ላይ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉትን አሮጌ መኪናዎች እየጠገኑ ማቆየት የብዙ ሰው ሐሳብ ሆኗል። እንግዲህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ነገሩን ማወቅ ደግ ነው።

አስቀድመን ስለ ቃላቱ ጥቂት እንነጋገር። የመኪና ዕውቀት ወደ አገራችን ሲገባ ከቃላቱ ብዙዎቹ የመጡት ከጣልያንኛ ነው። «ባሌስትራ» በጣልያንኛ በእንጨት ላይ የተጋደመ ደጋን ያለው የጥንት ጦር መሣሪያ ስም ነው፤ ከመኪናው ሥር ያለው ተደራራቢ ብረት ቅርጹ እንደ ደጋን ጎበጥ ያለ ስለ ሆነ ይህንኑ ስም ወረሰ። «አሞርዛተር» የምንለው ደግሞ አለዝቦ፣ አደንዝዞ የሚያጠፋ ማለት ከሆነ ቃል የተገኘ ነው። እነዚህን ሁለት ስሞች በሚገባ ያስተዋለ ሰው የትምህርቱን እኩሌታ ጨረሰ ማለት ይቻላል። ባሌስትራ ይሸከማል፤ አሞርዛተር ያረጋጋል። የአንዱን ሥራ ሌላው ሊሠራለት አይችልም።

ባሌስትራ በመኪና አልተጀመረም። ኦባድያ ኤሊየት የተባለ እንግሊዛዊ ሠረገላ ሠሪ፣ ተደራራቢ የብረት ደጋኖችን ፊት ለፊት ገጥሞ ከሠረገላ ሥር በማድረግ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1804 ነው። ከዚያም አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1678 ሮበርት ሁክ የተባለው ሊቅ፣ እንዲህ ያለ ብረት የሚታጠፈው በተጫነበት ኃይል ልክ መሆኑን በመጽሐፍ አስታውቋል። ክብደቱ በእጥፍ ሲጨምር መጉበጡም በእጥፍ ይጨምራል። ይህን ሕግ በፊዚክስ ክፍል በትንሽ ሞላና በሚዛን ድንጋይ የሞከራችሁ ሁሉ፣ የሚኒባሱ ኋላ ሲወርድ የምታዩት ያንኑ ፈተና ነው።

የአሞርዛተርን ሥራ ለመረዳት ግን ከፊዚክስ ክፍል ይልቅ የአዊ ፈረሰኛ ይሻላል። ጥር 23 ቀን የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል ያየ ሰው፣ ፈረሱ ሲጋልብ የተለማመደው ፈረሰኛ እንዴት እንደሚሆን ያስታውሳል። የፈረሱ እግር መሬቱን እየመታ ወደ ላይ ይወረውረዋል፤ ፈረሰኛው ግን በእርካቡ ላይ ቆሞ ጉልበቱን ለስለስ ያደርግና ያንን ውርወራ በጉልበቱ ውስጥ ያጠፋዋል። ጀማሪው ግን ጉልበቱን አድርቆ ስለሚቀመጥ ከኮርቻው እየተነሣ ይፈርጣል። የፈረሱ እግር ባሌስትራ ነው፤ የፈረሰኛው ጉልበት አሞርዛተር ነው። በመኪናውም ውስጥ ባሌስትራው የመንገዱን ምት ተቀብሎ ያጠራቅምና መልሶ ይወረውራል፤ በአሞርዛተሩ ውስጥ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ሲያልፍ ያ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጥና ይጠፋል። ስለዚህ መኪናው እየዘለለ ካስቸገረ፣ ብዙውን ጊዜ የደከመው አሞርዛተሩ ሆኖ ሳለ የምንጨምረው ባሌስትራ ይሆናል። የጉልበቱን ድርቀት በፈረሱ እግር ለማዳን መሞከር ማለት ይህ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። በየጎኑ አምስት እኩል ዝርግ ብረቶች ያሉት ባሌስትራ ቢኖረንና እነርሱን የሚመስል ስድስተኛ ብንጨምር፣ ጥንካሬው በአምስተኛ እጅ፣ ማለት በ100 እጅ 20 ያህል ይጨምራል። ውፍረቱ ግን ከቁጥሩ ይበልጥ ኃይል አለው። የዝርግ ብረት ጥንካሬ በውፍረቱ ሦስት ጊዜ ተባዝቶ ስለሚሄድ፣ 8 ሚሊ ሜትር የነበረውን በ10 ሚሊ ሜትር ብንለውጠው የዚያ ብረት ጥንካሬ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ከአይሱዙ የወረደ ወፍራም ብረት ገዝቶ በሚኒባስ ላይ የሚገጥም ሰው፣ «አንድ ብቻ ጨመርሁ» ቢልም ሥራው የአንድ ብቻ አይደለም።

ታዲያ ጥንካሬ ምን ይከፋል? የሚሉ ይኖራሉ። የሚከፋው በባዶ ጊዜ ነው። ባሌስትራ በተሸከመው ክብደት 16 ሳንቲ ሜትር ያህል ከጎበጠ፣ መኪናው በመንገድ ላይ በሰኮንድ አንድ ጊዜ ከሩብ ያህል ይወዛወዛል፤ ይህ ለሰው የሚስማማ ነው። ደርቆ 4 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከጎበጠ ግን በሰኮንድ ሁለት ጊዜ ተኩል ይንቀጠቀጣል። ጠዋት ሞልቶ ሲሄድ ያማረው ሚኒባስ፣ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰው ይዞ ሲመለስ እንደ ፍየል የሚዘለው ስለዚህ ነው። የዘለለ ጎማ ደግሞ መሬት አልነካም፤ መሬት ያልነካ ጎማም አይዝም፣ አይታጠፍም፣ ፍሬንም አይሠራበትም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። በብዙ ቫኖችና አነስተኛ የጭነት መኪናዎች ከኋላው አክስል አጠገብ፣ ከመኪናው አካል ጋር በትንሽ ዘንግ የተያያዘ የፍሬን መቆጣጠሪያ አለ። ሥራውም የመኪናውን ኋላ መውረድና መውጣት እያየ ለኋላ ጎማዎች የሚሄደውን የፍሬን ኃይል መመጠን ነው። ኋላው ሲወርድ «ጭነት አለ» ብሎ ለኋላ ጎማዎች ብዙ ኃይል ይለቃል፤ ኋላው ከፍ ሲል «ባዶ ነን» ብሎ ይቀንሳል፤ ይህንንም የሚያደርገው የባዶ መኪና የኋላ ጎማዎች በፍሬን ጊዜ ተቆልፈው እንዳይንሸራተቱ ነው። እንግዲህ ባሌስትራ ጨምረን ኋላውን ቀጥ አድርገን ካቆምነው፣ ይህ መቆጣጠሪያም እንደገና ካልተስተካከለ፣ ሃያ ሰው ተጭኖ ሳለ ፍሬኑ «ባዶ ነን» ብሎ ያምናል። የፊቱ ፍሬን ብቻውን ይደክማል፣ ይግላል፤ መኪናውም ለመቆም የሚፈልገው ርቀት ይረዝማል። ከእንጅባራ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሁሉ ደግሞ ከደጀን በኋላ ወደ አባይ ድልድይ ሲወርድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ይጠብቀዋል። በዚያ ቁልቁለት የተታለለ ፍሬን ይዞ መውረድ ምን ማለት እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም።

ስለዚህ የኋላው መውረድ የመኪናው አንደበት ነው ብንል አልተሳሳትንም። «በዛብኝ» የሚለው በዚያ ነው። ባሌስትራ መጨመር ጭነቱን አይቀንስለትም፤ አክስሉን፣ ጎማውን፣ የጎማውን ብሎኖች፣ ፍሬኑን አንዳቸውንም አያጠነክርም፤ አንደበቱን ብቻ ይዘጋዋል። ከፋብሪካው በመኪናው ላይ የተለጠፈው የክብደት ልክ ስድስተኛ ብረት ስለ ተጨመረ አይለወጥም። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይላል ተረታችን። እኛ ግን በመኪና ነገር የተገላቢጦሽ ሆነን ዳውላውን ፈርተን አህያውን እንደበድባለን።

እንዲህም ሲሆን ባሌስትራ መቀየርና ማደስ ጨርሶ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ዕድሜ የጎተተው፣ ከብረቶቹ አንዱ የተሰበረበት፣ ባዶውን እንኳ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ባሌስትራ መለወጥ አለበት። በተፈቀደለት ልክ ጭኖም ኋላው ከመጠን በላይ የሚወርድ መኪና በሌሊት መብራቱ ወደ ሰማይ ያያል፤ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ያጠፋል፤ የራሱንም መንገድ አያበራም። ይህ በደኅና ባሌስትራ ይድናል። ነገር ግን ሥራው ተራ አለው። መጀመሪያ የጎማ ንፋስ በትክክል ይሞላ፤ ይህ ከሁሉ የሚረክሰው መድኃኒት ነው። ቀጥሎ ያረጁት ጎሚኒዎች ይለወጡ፤ ብዙ «ቋ ቋ» የሚል ድምፅ ከእነርሱ ነው። ከዚያ አሞርዛተሮቹ ይታዩ። ዘይት ካፈሰሱ፣ ወይም የመኪናውን አንድ ማዕዘን በእጅ ተጭናችሁ ስትለቁት ከአንድ ጊዜ በላይ ከተወዛወዘ፣ ግራና ቀኙን በአንድነት መለወጥ ነው። ባሌስትራው የሚመጣው ከሁሉ በኋላ ነው።

በግቢያችን እንሠራዋለን ለምትሉ ጥቂት ምክር ልጨምር። መኪናው በደልዳላ ቦታ ይቁም፤ መሬት ላይ ያሉት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ይታገቱ። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለምና ጠንካራ መቆሚያ ይደረግበት። የተጨነቀ ባሌስትራ እንደ ተሳበ ደጋን ስለ ሆነ፣ አክስሉ በሌላ ክሪክ ሳይደገፍ ብሎኑ አይፈታ። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር አቅፈው የሚይዙት በፈረስ ኮቴ ቅርጽ የተሠሩ ብሎኖች አንድ ጊዜ ተስበው ስለሚረዝሙ፣ በአዲስ ቢለወጡ ይሻላል፤ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተሄደም በኋላ ዳዶዎቹ እንደገና ይጥበቁ። ጎሚኒ ያለባቸው ብሎኖች በመጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው በጎማው ላይ ከቆመ በኋላ ነው፤ አለዚያ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። ባሌስትራን በእሳት አግሎ መለጠጥ ወይም በብየዳ መቀጠል ከቶ አይገባም። የገበያው ብረት ቀጥቃጭ ከአሮጌ ባሌስትራ ቢላና መጥረቢያ ሲሠራ ብረቱን አግሎ፣ በውኃ ወይም በዘይት አጥልቆ፣ መልሶ የሚያለዝበው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የብረቱ ጠባይ በእሳት እንደሚጠፋና እንደሚመለስ ያውቃል። እኛ አግለን ትተነው የሄድነው ግን ጠባዩ እንደ ጠፋ ይቀራል። በመጨረሻም የፍሬኑን መቆጣጠሪያ ለሚያውቅ ባለሙያ አሳይታችሁ ሳታስተካክሉ ሰው አትጫኑበት።

እሺ፣ ሥራው አለቀ፤ ገንዘቡም ወጣ። ዋጋ ማግኘቱን በምን እናውቃለን? በዚህ ላይ ከሰው ይልቅ መሣሪያ ይታመናል፤ ገንዘቡን ያወጣ ሰው «በጣም ተሻለ» ማለቱ አይቀርምና። ሦስት መሣሪያ ይበቃል፤ ሜትር፣ ባልዲና ደብተር።

በሜትሩ፣ ከሥራው በፊትና በኋላ፣ ባዶውንም ተጭኖም፣ ከጎማው መካከል እስከ ጭቃ መከላከያው ጠርዝ ያለውን ቁመት በአራቱም ማዕዘን ትለካላችሁ። ግራና ቀኙ ካልተካከለ ሥራው አላለቀም። በባልዲው፣ ውኃ እስከ ምልክቱ ሞልታችሁ በኋላው ወንበር እግር ሥር ታስሩታላችሁ፤ በአንድ በታወቀ ኮረኮንች መንገድ፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነት፣ ከሥራው በፊትና በኋላ ትነዱታላችሁ፤ የቀረውን ውኃ በሊትር ትለካላችሁ። አስቂኝ ቢመስልም ባልዲ አይዋሽም፣ አያዳላምም። ፈተናውን ባዶውንም ተጭኖም ማድረግ አትርሱ፤ ጨምሮ የተጫነበት ባሌስትራ የሚጋለጠው በባዶው ነው።

ደብተሩ ለሒሳብ ነው። ለምሳሌ ያህል ሥራው 36,000 ብር ፈጀ፣ ሦስት ዓመትም ይቆያል እንበል። ይህ በወር 1,000 ብር ነው፤ በወር 25 ቀን ቢሠራ በቀን 40 ብር ይመጣል። ጥያቄው እንግዲህ «36,000 ብር ብዙ ነውን?» አይደለም፤ «ይህ ሥራ በቀን 40 ብር ያወጣልን?» ነው። ጎማው ከበፊቱ ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር ጨምሮ እንደ ሄደ፣ ጎሚኒና ብሎን ለመለወጥ ስንት ቀን ከሥራ እንደ ዋለ ጻፉበት። ደኅና አሞርዛተር ዋጋውን የሚመልሰው በዚህ መንገድ ነው፤ ጎማ በማቆየትና ሰባራ በመቀነስ። ትርፍ ሰው ለመጫን የተጨመረ ባሌስትራ ግን ዋጋውን የሚመልሰው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ያም ትርፍ ሰው በመጫን።

እዚህ ላይ ሒሳቡ ሒሳብ መሆኑ ይቀርና ሌላ ነገር ይሆናል። አንድ ሰው በአማካይ 65 ኪሎ ቢመዝን፣ 14 መንገደኛ 910 ኪሎ ነው፤ 20 መንገደኛ ግን 1,300 ኪሎ ነው። የስድስቱ ሰዎች ትርፍ 390 ኪሎ የሚያርፈው አብዛኛውን ጊዜ በኋላው አክስል ላይ ነው። አራት ባልደረቦች ተካፍለው የገዙት ሚኒባስ ከሆነ፣ የእነዚያ ስድስት ሰዎች ገንዘብ በወሩ መጨረሻ ለአራት ይከፈላል፤ አደጋው ግን አይከፈልም፤ ለተሳፈሩት ብቻ ነው። በቢሮው ውስጥ አንዲት ማኅተም ያለ ቦታዋ አረፈች ብሎ ፋይል የሚመልስ ጨዋ ጸሐፊ፣ በቅዳሜ ገበያ ሚኒባሱ ስንት ሰው እንደ ጫነ ሳይጠይቅ ድርሻውን ቢቀበል፣ ጨዋነቱ በቢሮው በር ላይ ቀረ ማለት ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ እርሱም የዳኛው ነገር ነው። በአገራችን መንገዶች በብዛት የምናየውን ቶዮታ ሃይኤስን ውሰዱ። የፊቱና የኋላው አሠራር አንድ አይደለም፤ ከፊት የሚሸከመው ተጠምዛዥ የብረት ዘንግ ነው፣ ከኋላ ግን ባሌስትራ ነው። ሾፌሩ የሚቀመጠው ከፊት ጎማው በላይ ነው፤ የኋላው ወንበር ተሳፋሪ ደግሞ በኋላው አክስል ላይ ወይም ከእርሱም አልፎ ነው። ስለዚህ ሾፌሩና ባለቤቱ ከፊት ተቀምጠው «ተሻለ» ሲሉ፣ ስለ ባሌስትራው ምንም አልመሰከሩም፤ ባሌስትራው ያለው በሌላ ሰው መቀመጫ ሥር ነው። የኋላው ወንበር ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይጠየቅም። ልጅ የታቀፈች እናት፣ ወደ ሐኪም የሚሄዱ አዛውንት፣ መጽሐፉን በጉልበቱ የያዘ ተማሪ ነው፤ ወገቡን ይዞ ይወርዳል እንጂ አስተያየት አይሰጥም።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ሚኒባስ የገዛችሁም ሆነ ልትገዙ ያሰባችሁ ይህን ብቻ ያዙልኝ። ለባሌስትራና ለአሞርዛተር ገንዘብ ባወጣችሁ ማግሥት የፊቱን ወንበር ለሌላ ሰው ልቀቁ። በልኩ የተጫነውን መኪናችሁን ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ በኋለኛው ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ሂዱበት፤ ስትመለሱም ባዶውን ተቀመጡበት። ከዚያ ከጎናችሁ የተቀመጡትን «እንዴት ነው፣ እማማ? ተመቸዎት?» ብላችሁ ጠይቁ። እርሳቸው የሚሰጡት ፍርድ ይግባኝ የለበትም። ለሳምንት በሰላም ያገናኘን።